የሆልስት ላንዲንግ ግድብ የተቆረጠበት ቀን

ሆልስት ላንዲንግ በወንዝና በገደል መካከል የተጨመቀች መንደር ናት። በስተምሥራቅ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል አለ፤ በስተምዕራብ ሚሲሲፒ። በመካከሉ ያለው ሜዳ ጥቁር፣ ሰባ ያለ፣ ዱላ ቢተክሉበት የሚያበቅል አፈር ነው። አያቶቻችን ከጀርመን መጥተው እዚህ የሰፈሩት የእንፋሎት መርከቦች ማገዶ የሚጭኑበት ወደብ ስለነበረ ነው። ወንዙ ግን መፍሰሻውን ቀይሮ ወደ ምዕራብ ሸሸ፤ ወደቡም ጭቃ ላይ ቀረ። ሰዎቹ ቤታቸውን ከነጣራው በግንድ ላይ እያንከባለሉ ወደ ባቡር ሐዲዱ አስጠጉት። ቆይቶ ባቡሩም እኛ ዘንድ መቆሙን ተወ። ከዚያ ገደሉ ላይ የነበረው የድንጋይ ካባ ተዘጋ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ። እኔ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ስለነበርኩ የመንደሩን መሳሳት ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ሳልቆም የማልፈው በር ይጨምር ነበር።

ጎርፉ በመጣበት ዓመት ዝናቡ ከፋሲካ ጀምሮ አላባራም። ሐምሌ ላይ ወንዙ ከመንደሩ ጣራዎች እኩል ሆኖ ሜዳውን ከወንዙ ከሚከልለው የአፈር ግድብ ወዲያ ሲሄድ ይታይ ነበር። በዚያ ሰሞን አርፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ በፒክአፕ ግድቡ ድረስ ሄደው ውሃውን አይተው ይመለሳሉ፤ ምሳ ቀርቦላቸው ሁለት ጉርሻ ሳይጎርሱ ደግሞ ተነስተው ይሄዳሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ሚስቴ በርናዲን፣ "ኦቲስ፣ አንተ ካላየኸው ወንዙ አይፈስም እንዴ?" ትለኝ ነበር። ይህን እያለች ግን የእሷም ሻንጣ በሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል።

የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሎሬታ ክሌምፕ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የዘር መሸጫ ሱቁን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ረጅም፣ ፈጣን፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የምትመልስ ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ኤልደን ደግሞ ዝምተኛ ገበሬ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው ሎሬታ ናት። ኤልደን ከመንደሩ በስተደቡብ፣ ሜዳው ዝቅ በሚልበት ጫፍ፣ አያታቸው በሠራው የሸክላ ጡብ ቤት ይኖር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከበላያችን በስተሰሜን ያለው የጎረቤት አውራጃ ግድብ ተደረመሰ የሚል ወሬ መጣ። ወንዙ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ሜዳውን ይዞ ወደ እኛ እየወረደ ነበር። መንደሯን ዙሪያዋን የሚከብ አንድ ትንሽ የአፈር ግድብ አለን፤ ግን እንዲህ ተንደርድሮ የሚመጣን ውሃ አይችልም። ሁላችንም ጭቃችንን ሳናጥብ እሳት አደጋ መኪናው የሚቆምበት አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ከመንግሥት የተላከ አንድ ወጣት መሐንዲስ ካርታ ዘርግቶ ጠበቀን።

"ያለን መንገድ አንድ ነው" አለ። "የወንዙን ግድብ ከታች፣ በደቡብ በኩል፣ ራሳችን እንቆርጠዋለን። ውሃው ከዝቅተኛው ጫፍ ቀስ ብሎ ይገባና ሜዳውን ይሞላል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሲደርስ ባዶ መሬት አያገኝም፤ ውሃ ላይ ይወድቃል፤ ጉልበቱም ይበርዳል።"

"ውሃ እንዳይገባብን ውሃ እናስገባ ነው የምትለው?" አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ኤልደን፣ "የት ላይ ነው የሚቆረጠው?" ብሎ ጠየቀ።

"እዚህ፣ ከቀዩ ጎተራ ጀርባ" አለ መሐንዲሱ፣ በጣቱ እያሳየ። "የማን እንደሆነ አላውቅም።"

"የእኔ ነው።"

መሐንዲሱ ጣቱን ከካርታው ላይ አነሳ። ማናችንም ሎሬታን ማየት አልፈለግንም፤ ግን ሁላችንም አየናት። የምክር ቤቱ አባላት እስኪጠየቁ አልጠበቀችም።

"ይቆረጥ" አለች።

ኤልደን ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ።

ግድቡን የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ቀዩ ጎተራ ጋ ሲደርስ ኤልደን ከወጥ ቤቱ አንድ ወንበር አምጥቶ ግድቡ አናት ላይ፣ ልክ መቆረጥ ያለበት ቦታ፣ ተቀምጦ ተገኘ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ መልእክት ላከ። እኔ የመጨረሻዎቹን አዛውንቶች ገደሉ ላይ አድርሼ መመለሴ ነበር። ሎሬታ አውቶቡሱ ላይ ዘላ ወጣችና "ንዳው" አለችኝ። በመንገዱ ሁሉ አልተቀመጠችም፤ የወንበሩን ብረት ይዛ ቆማ ሄደች።

"ተነስ፣ ኤልደን" አለችው።

"ወንበሩ የእኔ ነው። መሬቱም የእኔ ነው።"

"ውሃው ግን አይጠይቅህም።"

"አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?" አለ፣ ዓይኑን ከወንዙ ሳያነሳ። "ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ የኔን አልጋ ነበር የምትሰጪው። አንድ ቀን የራስሽን ሰጥተሽ አታውቂም።"

ሎሬታ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ወንዙ ከጫማችን ክንድ በማይሞላ ርቀት ግንድ፣ በር፣ የሞተ ጥጃ እየያዘ ያልፋል። እኔ አርፌ መቆም አቅቶኝ ግድቡ ላይ ወዲህ ወዲያ እላለሁ።

"ኦቲስ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ወንዙ ውስጥ ግባ" አለኝ ኤልደን።

"ይሠራል?" ብሎ ደግሞ እህቱን ጠየቃት።

"አላውቅም።"

"መሐንዲሱ ልጅስ?"

"እሱም እርግጠኛ አይደለም። ለብቻው ወስጄ ጠየቅኩት። ምናልባት ነው ያለኝ።"

"አሳማዎቹን አላወጣሁም" አለ ኤልደን። "ግድቡ ይይዛል ብዬ አምኜ ነበር። የከብት መኪናዎቹን ሁሉ ሰው ወስዷቸዋል።"

ሎሬታ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ አውቶቡሱን አየች።

"አይሆንም" አልኳት።

ሆነ። አሳማዎቹን ከበረታቸው አንድ በአንድ እየጎተትን፣ ከኋላ በጉልበታችን እየገፋን፣ ተማሪ በሚቀመጥበት ጫንናቸው። ሎሬታ በዚያ ዕድሜዋ የአንዲት ትልቅ እናት አሳማ ጆሮ ይዛ ደረጃውን አስወጣቻት፤ አሳማዋ አንዴ ጭቃው ላይ ጣለቻት፤ ኤልደን አላነሳትም፤ ብቻ እስክትነሳ ቆሞ ጠበቃት። ወደ ገደሉ ስወጣ አንድ አሳማ ከጀርባዬ የመስኮቱን መስታወት ይልሳል፤ መንገድ ላይ ያየን ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ኤልደን ከአሳማዎቹ መካከል ቆሞ ነበር። ከቤቱ የያዘው የእናቱን የግድግዳ ሰዓትና ጠመንጃውን ብቻ ነው።

ግድቡ ሲቆረጥ ከገደሉ አናት ሆነን አየን። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር በቆሎው ውስጥ ገባ። ከዚያ መስመሩ ሰፋ፤ በቆሎው ማንም ሳይነካው ይተኛ ጀመር። ጎተራው ትንሽ ተንገዳግዶ ሄደ። የጡቡ ቤት ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ማዕዘኑ ሲለቅ ግን በአንድ ጊዜ ነው የወረደው። ኤልደን ጀርባውን ሰጥቶ አሳማዎቹን ውሃ ለማጠጣት ሄደ።

ከሰሜን የመጣው ጎርፍ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አቅም ያለን ሰዎች ከገደሉ ወርደን የመንደሩ ግድብ ላይ የአሸዋ ጆንያ እየደረብን ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እየቀረበ ሲመጣ አንዳንዱ ጆንያውን ጥሎ ሊሮጥ ቃጣው። ውሃው ከውሃው ጋር ተገናኘ፤ አረፋ ደፈቀ፤ ወዲህም ወዲያም ተላጋ፤ ከዚያ ከፍ ማለት ጀመረ። ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከጆንያዎቹ አናት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ማንም አልጨፈረም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥን።

ሆልስት ላንዲንግ ዳነች። ኤልደን ያን የበረዶ ወራት እህቱ ቤት ፎቅ ላይ ኖረ፤ ለእሷ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። እሑድ ለምሳ ስሄድ፣ "ኦቲስ፣ ጨው እንድታቀብለኝ ንገራት" ይለኛል። እሷም፣ "ጨው ደም ግፊቱን እንደሚያባብስበት ንገረው" ትለኛለች። እኔ በሁለቱ መካከል ድንች እየበላሁ ጨውን አቀብላለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ኤልደን ገደሉ ላይ መሬት ገዝቶ ወጣ። ያልጠበቅነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌሎችም ተከተሉት። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ቀደሙ፤ ከዚያ ቄሱ፤ ከዚያ የምግብ ቤቱ ባለቤት። መንደሯ ቆማለች፤ ሰው ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ አጣ፤ በዚያ ዓይነት ኑሮ ማን ልጅ ያሳድጋል? ሎሬታ ከቤት ቤት እየዞረች ለመነች፤ ተቆጣች፤ አንድ ሁለቱን ሰደበች። አንድ ቀን ወጥ ቤታችን ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ፣ "የአያቴን ቤት ለማን ብዬ ነው ያሰጠምኩት?" አለችን። በርናዲን መቀመጫ ሳበችላት። እኛም ገደሉ ላይ ቦታ አይተን ነበር፤ አልነገርናትም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንድሟ ዘንድ ወጣች። ስትመለስ ደጄ ላይ መኪናዋን አቁማ በመስኮት ጠራችኝ።

"አናገረኝ" አለች።

"ምን አለሽ?"

"በሩን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባል አለኝ።" የመኪናዋን ሞተር አጠፋች። "ለኔ ነው ያለው፣ ኦቲስ። እዚያ ሌላ ሰው አልነበረም።"

ዛሬ ታች የቀረነው ጥቂት ነን። በርናዲን ሐሳቧን ስለቀየረች እኛም አልወጣንም፤ ሻንጣዋ ግን እስካሁን በሩ ሥር ነው። ሎሬታ ቅዳሜ ወንድሟ ዘንድ ትወጣለች፤ እንደማትመለስ ምላ፣ ትራሷን ይዛ ነው የምትሄደው። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ክፍት ነው።