ከግቡ ጀርባ የተቀመጡት አማት

አማቲቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኳስ ማለት መስኮት የሚሰብር፣ ጫማ የሚጨርስ ነገር ነው ብለው ኖረዋል። ልጃቸው አንዲት የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲያገባና ሙሽሪት የፋብሪካው የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን በረኛ መሆኗን ሲሰሙ፣ «ያገባች ሴት በቁምጣ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ በልባቸው። ክፉ አልተናገሯትም፤ ደግም አልተናገሯትም። በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ እንግዳ ተከባብረው ተቀመጡ።

አንድ ቅዳሜ ምራቲቱ የጉልበት መከላከያዋን ረስታ ሄደች። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ስለዋለ፣ የማድረሱ ነገር በእናቱ ላይ ወደቀ። ሰጥተው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። ጨዋታው ተጀምሮ ስለደረሱ ግን ከግቡ ጀርባ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ከተቃራኒው ቡድን አንዲት ግዙፍ ልጅ የወረወረችው ኳስ የምራታቸውን ፊት መታው። አፍንጫዋ ደማ። እሷ በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ ቦታዋ ላይ ቆመች። ሁለት ግብ ተከታትሎ ሲገባባት፣ ከጎናቸው የተቀመጠ ጎረምሳ «በረኛ ሳይሆን ወንፊት ነው ያቆሙት» ብሎ ሳቀ።

አማቲቱ ቀስ ብለው ዞሩ። «ወንፊትስ ያንተ አፍ፤ የገባበትን ሁሉ ያፈሳል» አሉት።

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ምራቲቱም ሰምታ ኖሮ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ደም በነካው ፊቷ ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲያ የቀሩበት ጨዋታ የለም። ታጣፊ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ከተጫዋቾቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ዳኛው ሲሳሳት «ልጄ፣ መነጽሬን ላውስህ?» ይሉታል። ቤት ውስጥም ጸጥ ብሎ የኖረው ገበታ ሞቀ፤ አማትና ምራት በሹካና በጨው ዕቃ ተከላካይ እየደረደሩ ይከራከራሉ። ልጃቸው አንድ ቀን ሰሚ ቢያጣ፣ «ቆይ፣ እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» አለ።

«ተመልካች» አሉት እናቱ።

የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ቢያሸንፉ ዋንጫው የእነሱ ነበር። እኩል ለእኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል ዳኛው የቅጣት ውርወራ ሰጠባቸው። ልትወረውር የመጣችው ያቺው በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋን ያደማቻት ግዙፍ ልጅ ነበረች። ምራቲቱ ወደ ቀኝ ዘለለች፤ ኳሱ በግራ ገባ።

አማቲቱ ዛሬ ዓመቱን ሲያስቡት ታዲያ ያ ግብ አይደለም የሚታያቸው። በፋብሪካው አውቶብስ የተመለሱበት መንገድ ነው። ምራታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«አሳፈርኩዎት፣ እማማ።»

«የምን እፍረት? ያቺ ልጅ ከመወርወሯ በፊት ወዴት እንደምትወረውር ትከሻዋ ይናገራል። ከጀርባሽ ሆኜ አይቻታለሁ። ለከርሞ አታመልጠንም።»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያም ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። የአማቲቱ ክንድ ደነዘዘ፤ ንቅንቅ አላሉም። ሰፈራቸው ደርሰው ሾፌሩ ሲያቆም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌሎቹን አድርሰህ ና፤ እኛ ስትመለስ እንወርዳለን» አሉት።