የማርያም ማኅበር ሰፊው ፎቶ

ስልኩን የገዛሁት ጎንደር ከሱሀይብ ሱቅ ነው። ሱሀይብ ሸጋ ልጅ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ገበሬ ብሎ አልናቀኝም። ካሜራውን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየኝ።

«ይሄ ፊት ያሳምራል። ይሄ ከጀርባ ያለውን ያደበዝዛል። ይሄ የሚሮጠውን ቀስ ያሰኛል። ይሄ ደግሞ፣ አያ ቢሻው፣ ሰፊ ፎቶ ነው። ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አርገህ ስታዞረው ያለውን ሰው ሁሉ ለቅሞ አንድ ላይ ይሰፋዋል። ታዲያ የተነቃነቀ ሰው ይበላሻል። አንዳንዱ ጮሌ ደግሞ በጀርባ ዞሮ ሁለቴ ይገባበታል!»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይችን ነገር ቋጥሬ አገሬ ኮሶዬ ገባሁ።

ቤት እንደደረስሁ በማሳመሪያው ሚስቴን የትነበርሽን አነሣኋት። አየችው፣ አየችውና፣

«ይቺ ማናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ!»

«ውሸትህን ነው። ጎንደር ስትመላለስ የከረምኸው ለዚች ነው?»

እሷን ትቼ ፍየሊቱን በቀስታው ቀረጽኋት። ስታመነዥክ ቁርጥ ወልደኢየሱስ ሲናገር። ምሳዬን እየሳቅሁ በላሁ።

ወልደኢየሱስ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ ነው፤ አለቃችን ማለት ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ፎቶ አንሺ ከጎንደር መጥቶ ማኅበርተኛው ሲሰለፍ ወልደኢየሱስ፣ «አንተ ቢሻው፣ በቅሎዬን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝሁ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የበቅሎዋ ጆሮ ሳይቀር አለ፤ እኔ የለሁም። «ቢሻውስ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ። ማኅበር ስንቀመጥም እሱ ከላይኛው ጫፍ፣ እኔ ከበሩ ሥር። ሌላ ሰው ሲመጣ «ኖር!» ብለው ይነሡለታል። ለኔ ግን ጉልበቱን ያነቃነቀ የለም። ሰው ይህን ይረሳል ይላሉ። እኔ አልረሳሁም።

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን የመደገሱ ተራ የአዳነ ነበር። ጠላው ሳይቀዳ ስልኬን አወጣሁና የማኅበሩ ፎቶ ይታደስ አልሁ።

ወልደኢየሱስ ጋቢውን አስተካከለ። «መልካም። አንተ ቁመህ አንሣና።»

«የለም፣ ፅዮን ታነሣለች» አልሁ። ፅዮን የአዳነ ልጅ ናት፤ ጎንደር ኮሌጅ ትማራለች።

ብርሃን እንዲሆን አግዳሚው ደጅ ወጣ። ተራው ግን እንዳለ ነው፤ እኔ ከግራው ጫፍ፣ እሱ ከቀኙ ጫፍ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለች ፅዮን።

ከኔ ጀመረች። እኔን አልፋ ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ብድግ ብዬ በጀርባዋ ዞርሁ። ስድሳ ዓመቴ ነው፤ እግሬ ግን ያን ቀን አልሰማም። ሁሉም ዐይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ያየኝ የለም። ወልደኢየሱስ ጎን ደርሼ ጋቢዬን መለስ አርጌ ቆምሁ።

መቼም የኛ አገር ሰው ጎኑ ሰው ሲቆም ማነህ ብሎ አያጣራም። ወልደኢየሱስ ዐይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣

«ኖር!» ብሎ ብድግ አለ።

«በእግዜር!» አልሁና ቦታው ላይ ቁጭ።

ስልኩም ያኔ ደረሰ።

ተሰብስበን አየን። ከግራ ቢሻው አለ። ከቀኝ ቢሻው አለ። የወልደኢየሱስ ወገብ ጎንበስ እንዳለ፣ ክንዱ ከአዳነ ጆሮ ጋር ተሰፍቷል። ራሱ የለም።

«ጉድ ነው!» አለ አዳነ። «ቢሻው መንታ አለው?»

«መንታውስ ይሁን» አለ ጎረቤቱ ፋንታሁን፣ «የሙሴያችን ራስ የት ሄደ?»

ፅዮን በሳቅ ስልኩን ልትጥለው ነበር።

«ደምስሺው!» አለ ወልደኢየሱስ። «እኔኮ ቄሱ መጡ መስሎኝ ነው!»

«ምነው» አልሁት፣ «ለወንድምህ መነሣት ያሳፍራል?»

ጋቢውን ሰብሰብ አርጎ፣ «እንደገና ይነሣ» አለ።

«ይነሣ» አልሁ። ከተቀመጥሁበት ግን አልተነቃነቅሁም።

ይኸኔ የአዳነ ሚስት ወለላ ጠላውን ይዛ ወጣች። እንደ ልማዷ ከላይኛው ጫፍ ጀመረች፤ መጀመሪያ ለኔ ቀዳች። ቀና ስትል ማን እንደሆንሁ አየች። የተቀዳ ደግሞ አይመለስም።

ወልደኢየሱስ ቁሞ ቀረ። አግዳሚው ጢም ብሏል፤ ከዚያኛው ጫፍ ከኔ ቦታ በቀር ባዶ የለም። ወደዚያ አየ። ወደኔ አየ።

«ጠጋ በላ፣ አያ ቢሻው» አለ።

አያ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ጠጋ አልሁለት፤ አንድ ስንዝር።