የሳርጁ ቀዝቃዛ እጅ

ዋርቲኒ ከፊተኛው የችግኝ መደብ የቀጠፈችውን የበርበሬ ቅጠል በላስቲክ ከረጢት ከምርመራው ፈሳሽ ጋር ደቁሳ የመመርመሪያ ወረቀቱን ነከረችበት። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። አንድ መስመር ጤነኛ፣ ሁለት መስመር ቫይረስ፤ የግብርና ባለሙያዋ አራት ወረቀት ስትሰጣት ያለቻት እንደዚያ ነው።

"ምነው? በርበሬው አረገዘ እንዴ?" አሉ አማቷ ሳርጁ፣ በር ላይ ተቀምጠው ትንባሆ እየጠቀለሉ።

"ይሳቁ እርስዎ! ጎረቤታችን ጊማን ችግኝ ሊወስድ እየመጣ ነው። የታመመ ብሰጠው ማሳው ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በዚህ መንደር ማን ያምነኛል?"

እጇን በሳሙና ታጥባ ከኋለኛው መደብ ቅጠል ቀጥፋ ሞከረች። አንድ መስመር። ደገመችው፤ አሁንም አንድ። ዋርቲኒ ፍርሃቷን ረስታ ተገረመች። ዘሩ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው። ነፍሳት ነው እንዳይባል ሁሉም ያለው በአንድ መረብ ስር ነው። ታዲያ የፊተኛውን ብቻ ምን ነካው?

"አባባ፣ የኋለኛውን መደብ ነክተውት ያውቃሉ?"

"በየትኛው ጉልበቴ? እዚህ በሩ ጋ ያለውን ነው ጠዋት ጠዋት ትርፍ ቅጠሉን እየቀነጠስኩ የምዳብሰው።"

የሳርጁ እጅ በሜራፒ ተራራ ግርጌ የታወቀ ነው። ቀዝቃዛ እጅ ነው፣ የነካው ሁሉ ይጸድቃል ይባላል። እሳቸው ሳይዳብሱት ችግኝ ይዞ የሚሄድ ጎረቤት የለም። ልጃቸው፣ የዋርቲኒ ባል፣ ከሞተ ወዲህ ሽማግሌውን ከአልጋ የሚያስነሳቸውም ይኸው ነው።

ዓይኗ ትንባሆው ላይ አረፈ። ባለሙያዋ ይህ ቫይረስ ትንባሆንም ይይዛል ያለቻት ትዝ አላት። አንዲት ወረቀት ቀርታታለች።

"እስቲ ቆንጠር አድርገው ይስጡኝ።"

"ደግሞ ማጨስ አማረሽ?"

ትንባሆውን ደቆሰችው። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። መጀመሪያ አንዱ መስመር፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሁለተኛው ወጣ።

"ከትንባሆው... በጣቴ?" አሉ ሳርጁ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ እኮ ነው የሰው ችግኝ የዳበስኩት!" እጆቻቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ደበቁ።

ወዲያው የጊማን ሞተር ብስክሌት በሩ ላይ ቆመ።

"አባባ፣ እንደ ልማድዎ ዳበስ ያድርጉልኝ! አለዚያ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም።"

"ዛሬስ ይቅርብህ፣ ልጄ። በሽታውን ያመጣው ይሄ እጄ ነው።"

ጊማን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"የፊተኛው መደብ ታሟል፣ ነቅዬ አቃጥለዋለሁ" አለችው ዋርቲኒ። "አንተ ከኋለኛው ነው የምትወስደው። ትንሽ ታገሰኝ።"

ባለሙያዋ እጅን በወተት መታጠብ ቫይረሱን ያዳክመዋል ስትላት በሳቅ ፈርሳ ነበር። አሁን ግን ሳሙናና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወተት ይዛ መጣች። የሳርጁን እጆች ከሽርጣቸው ውስጥ ጎትታ አወጣችና ጣታቸውን አንድ በአንድ እያሸች አጠበቻቸው።

"ትንባሆው እዚሁ በሩ ላይ ይቆይ" አለች። "ይደገፉኝና የጊማንን ችግኝ ይዳብሱለት፤ የኋለኛው መደብ ሩቅ አይደለም።"