ያነሳችው ቁልፍ

የሐመልማል ዓይን ከስክሪኑ አልነቀል ብሏል። ሎሪው ስድስት ሰዓት ላይ ሱዳን ካለው ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ወደ ገዳሪፍ ከተማ ይነሳል፤ የሚሳፈረውም ዘመዱ እዚያ ካሉት መጠለያዎች በአንዱ መመዝገቡ በዝርዝር የተረጋገጠለት ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጠፉ ዘመዶችን ስም ከመጠለያዎቹ ዝርዝር ጋር የሚያዛምደው ፕሮግራሟ ግን ገና ግማሹ ላይ ይንፏቀቃል።

የምዝገባ ቢሮው በር ላይ እማማ ማሚቱ ተቀምጠዋል። ከጦርነቱ ሲሸሹ ከልጃቸው ከብፅአት ተለያይተው ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው። ሎሪ በመጣ ቁጥር ጓዛቸውን ጠቅልለው ይመጣሉ፣ መልሰው ይፈቱታል።

የቢሮው ኃላፊ ሁዜይፋ፣ እንደ ባለፈው ሳምንት ቁልፉን አንሺውና ይፍጠን አላት። ቁልፍ ያለው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ስም አዛማጆች ዝርዝሩ ላይ ተራ በተራ እንዲጽፉ የሚያስገድደውን ትእዛዝ ነው። ያኔም ሲያጣድፋት ነበር ያነሳችው።

"አላነሳውም። ከስምንቱ አዛማጆች አራቱን እቀንሳለሁ።"

"ወላሂ አብደሻል! ኮምፒውተሩ ስምንት አሠራለሁ እያለ?"

"ስምንት ይበል እንጂ ያለው አራት ኮር፣ አራት አንጎል ነው። አንዱን ኮር ሁለት ሁለት ሆነው ይጋሩታል። አንዱ ቁልፉን ይዞ ሲጽፍ ጎኑ ያለው አርፎ አይጠብቅም፤ ጨረስክ ወይ እያለ ጉልበቱን ይሻማዋል።"

ሁዜይፋ ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያሳጨደ ሰው ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ማጭድ መስጠት ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። በይ አስነሺው አላት።

በአራት አዛማጅ አስነሳችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ብፅአት ተገኘች! ዳሩ ምን ያደርጋል፤ ገዳሪፍ የተመዘገበችው ከዐሥር ቀን በፊት ነው፣ ትናንት ደግሞ ወደ ከሰላ ተወስዳለች። ሐመልማል ክው አለች። ቁልፉ በተነሳበት ባለፈው ሳምንት ሁለት አዛማጆች አንድ መስመር ላይ እኩል ሲጽፉ፣ የአንዱ ጽሑፍ የብፅአትን ስም ደምስሶት ኖሯል።

ሁዜይፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስሟ ዛሬ ገና ደረሰን እንበላቸው፣ ማን ያውቅብናል አላት። እሷ ግን ወጥታ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች።

"እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት አለች፣ ከሰላ ናት። እስከ ትናንት ግን ገዳሪፍ ነበረች። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እማማ ማሚቱ እልል አላሉም፣ አልተቆጡምም። "ሳምንቱን ሙሉ እኮ እዚህ በርሽ ላይ ነበርኩ፣ ልጄ" አሉ።

ሐመልማል ጓዛቸውን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ ሁዜይፋ ዞረች።

"ወደ ከሰላ የሚያስኬደውን የመንገድ ፈቃድ ለሁለት ሰው ጻፈው፤ ለእሳቸውና ለእኔ።"