የጃቤዝ ጥላ

«በከንቱ አትሺው፣ አክስቴ። አይለቅም።»

አክስት ዜኖቢያ የሟች ወንድሟን ጥቁር ጣቶች በኮምጣጤ ማሸቷን አላቆመችም። «እና እንደ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ሆኖ ፈጣሪው ፊት ይቅረብ? መድኃኒት ቀማሚ ነኝ ይል ነበር! የማንን ጉንፋን አዳነ?»

ታምሲን ለአክስቷ የኮምጣጤውን ሳህን ያዘችላት። ጥቁረቱ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠቁር የብር ጨው ነው። አባቷ ጃቤዝ በዚያ ጨው ወረቀት እየነከረ፣ ብርሃን በራሱ እጅ እንዲሥል ሃያ ዓመት ለፋ። የአገሩ የኮርንዎል ሰው ግን «ፀሐይን ፊደል የሚያስቆጥረው» እያለ ሳቀበት።

በአገሩ ልማድ ሬሳ እስኪወጣ መጋረጃ አይገለጥም። ለቀስተኞች በጨለማው ሳሎን በሳፍሮን ቅመም የተጋገረ ኬክ እየቆረሱ ያንሾካሹካሉ። ከለንደን የሳይንስ ማኅበር የተላከው ሚስተር ሆብሊንም ጃቤዝን በሕይወት ሊያገኘው መጥቶ ለልቅሶ ደረሰ።

ታምሲን በሻማ አንዲት ወረቀት አሳየችው። ቡናማ መደብ ላይ ነጭ ጥላ አለ፤ ግንባር፣ ቆልማማ አፍንጫ፣ ትከሻ።

የተሠራው ባለፈው በጋ ነው። ጃቤዝ ጥላው ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። «ዝንብ ከመጣች አንቺ አባሪያት፤ እኔ ዛሬ ድንጋይ ነኝ» አላት። ብርሃን ያረፈበት ሁሉ ቡናማ ሲሆን ጥላው ነጭ ሆኖ ቀረ። ብርሃን መልሶ እንዳይበላው የሚያደርገውን መድኃኒት ግን ሳያገኝ ሞተ።

«ማኅበሩ በቀለም የተሣለ ነው ይለኛል» አለ ሆብሊን። «ብርሃን ሲያጠቁረው በዓይኔ ካላየሁ፣ ስሙን ከዚህ ጥበብ ቀዳሚዎች ተርታ ላስገባለት አልችልም።»

«የአባቴ ሌላ መልክ የለኝም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግድ አልልሽም።»

ከቀብር ሲመለሱ ሠረገላው ሆብሊንን ደጅ ይጠብቅ ነበር። ታምሲን ወረቀቱን መስኮቱ ሥር አኖረችና መጋረጃውን ያዘች። ሲስቁበት ኖሩ፤ እየሳቁበት እንዲረሱት አልፈለገችም።

«ምንድን ነው እሱ?» አክስት ዜኖቢያ ጎንበስ አለች። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። «ውይ! የእኛ አፍንጫ! ጃቤዝ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ነጩ ትከሻ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ እንደ ሻይ ቀላ። ሆብሊን ሰዓቱን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

ዜኖቢያ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ባለው የወንድሟ ፊት ላይ ጣል አደረገች። «ብርሃኑ ትከሻውን ይውሰድ። ይህን አልሰጥም።»

ሆብሊን ቀና ብሎ አያት፤ አልተቃወመም። ትከሻው ከመደቡ ጋር እስኪመሳሰል ጠብቆ ምስክርነቱን ፈረመ። ታምሲን መጋረጃውን መለሰች።

«አክስቴ፣ ክፍሉ ጨልሟል። አሁን እጅሽን አንሺ።»

ዜኖቢያ እጇን አላነሳችም።