ለዳራርቱ ቤት የሚመታ

አሰፋሽ የምሳ እረፍቷ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የመዝሙሩን መስመር ለአራተኛ ጊዜ ሰረዘችው። ሥራዋ ውጭ አገር፣ ሮቢንስዴል ከተማ ካለ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኗ ግን የምትታወቀው በሠርግ መዝሙር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለተጋባው ሁሉ ጽፋለች። ደንቧም አንድ ነው፤ የሙሽሪት ስም መስመር መድረሻ ላይ ይውላል፣ ሌላው መስመር በእሱ ቤት ይመታል። ሙሽሪቶቹም ስማቸው እስኪጠራ ቸኩለው ይጠብቃሉ።

ቅዳሜ ዳራርቱን የሚያገባው የራሷ ልጅ ኢዩ ነው።

ስልኳ ጮኸ። የመዘምራኑ መሪ ቶማስ ነበር።

"አሱ፣ የላክሽው ግጥም ላይ 'ሙሽሪት' ብቻ ነው ያለው። የዳራርቱ ስም የት ገባ?"

"ቤት የሚመታ ጠፋ።"

"በ'ቱ' የሚያልቅ ቃል? አንቺ ጠፋብሽ?" ሳቀ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኮ ልምምድ አለን። ሌላ ሰው ይሞክረው እንዴ?"

"ተወው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ።"

ሌላ ሰው መባሉ አናደዳት። ቤት መምቻ ስትፈልግ ልማዷ በፊደል ተራ መውረድ ነው። ሀብቱ፣ ምሕረቱ፣ ሰዓቱ፣ ቸርነቱ እያለች ወረቀቱን ሞላችው። 'አ' ላይ ስትደርስ "እናቱ" የሚለው ቃል መጣ። ዘለለችው። ዛሬ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ስትዘለው ነው የከረመችው። ኢዩን ብቻዋን፣ ሁለት ሥራ እየሠራች አሳድጋዋለች። ባለፈው እሑድ ዕቃውን ጭኖ ከሠርጉ በኋላ ወደሚኖርበት አፕል ቫሊ ሲሄድ ቤቱ ጭር አለባት። ያንን ቃል ከልጅቷ ስም ጋር ማስቀመጥ ልጇን ፈርማ እንደ ማስረከብ ከበዳት።

መኪናዋ ጋራዥ ስለገባች ከሥራ የወሰደቻት ዳራርቱ ናት።

"እትዬ፣ ቶማስ ነገረኝ። ስሜ ሃርድ ነው አይደል?" አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

"ትንሽ አስቸገረኝ" አለች አሰፋሽ አፍራ።

"ኖ፣ ችግር የለም። 'ሙሽሪት' በቂ ነው፤ እርስዎ ከጻፉልን ይበቃናል። እናቴ ግን ስትጠብቅ ነበር። አማርኛ ብዙ አትሰማም። ስሜ ሲጠራ እልል እላለሁ ብላ ፕራክቲስ ታደርጋለች። ማታ እነግራታለሁ፣ ኢትስ ኦኬ።"

"ምን ብለሽ?"

"ስሜ አማርኛ ግጥም ውስጥ አይገባም ብዬ።"

አሰፋሽ ደነገጠች። የልጅቷ እናት ፈነት ትዝ አለቻት፤ ከማይገባት መዝሙር መሐል የልጇን ስም ብቻ የምትጠብቅ ሴት። ቅዳሜ ልጅ የምትሰጠው እሷ ብቻ አለመሆኗን ስታስብ በራሷ አፈረች።

"እስኪ መኪናውን ፓርክ አድርጊው።"

ዳራርቱ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመች። አሰፋሽ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ "ሙሽሪት" የሚለውን ሰረዘች፣ ሁለት መስመር ጻፈችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

"ሴት ልጅ ተሰጥታለች ለኢዩ እናቱ፣
ስሟ ማን ነው ቢሏት ትላለች ዳራርቱ።"

ዳራርቱ መሪውን እንደያዘች ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ለቶማስ ልላከው?" አለች ስልኳን አንስታ።

"ቶማስ ይጠብቅ። መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውዪ፤ እልል የምትልበትን ቦታ እኔ ራሴ ላሰማት።"