የጋሽ በርሄ መድኃኒት

በ1988 ዓ.ም. የፒያሳው ልብስ ሰፊ ጋሽ በርሄ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ አእምሯቸው ታውኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ክኒን ሲውጡ ነበር።

ጎረቤታቸው ሰርክአዲስ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዋስ ታስተምራለች። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር ስትመጣ የክኒኑን ብልቃጥ አሳዩዋት።

«ሰርኬ፣ ይኼ ነገር ውስጤ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው?»

ጽሑፉን አንብባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሕዋሳችን ከሚፈልገው አንዳንዱን ከውጭ የሚያስገባው በፕሮቲን በተሸፈኑ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ተመራማሪዎች ይህን መድኃኒት በብዛት ሲጨምሩበት ሽፋኑ በቦታው መሠራቱን ያቆማል፤ ከረጢቶቹም ይመናመናሉ።»

«ታዲያ ሕዋሶቼ ተርበዋል በይኛ!»

«አይ፣ እሱ በቤተ ሙከራ ነው፤ እርስዎ የሚውጡት ትንሽ ነው። መንቀጥቀጡ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ግን እሱም ከመድኃኒቱ ነው።»

ጋሽ በርሄ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «እኔ እኮ እጄ ሲንቀጠቀጥ ፈሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰላቸው፤ በገዛ እጃቸው እንዳያቋርጡትም አስጠነቀቃቸው። ከወር በኋላ መንቀጥቀጡ በረድ አለ። ጋሽ በርሄም በራፋቸው ላይ ቆመው እጃቸውን እያሳዩ ለአላፊ አግዳሚው «መድኃኒቱ ነበር እኮ!» ይሉ ጀመር።